የኦቦ ገመቹ ከብቶችና የአምቦ ጎልፍ ሜዳ

በ፲፱፻፶፱ ዓመተ ምሕረት፣ በጋው ሊያልቅ ሲል፣ ሁዳዴ ከገባ በኋላ ከደብረ ሲና ተነሥቼ አምቦ ደርሼ በሰላም ተመለስሁ። እግዚአብሔር ይመስገን። ከማርያም ማኅበርተኞቼ አብዛኞቹ ከደብረ ብርሃን ወዲያ ያለውን አያውቁም። ያየሽውን ጻፊና በማኅበራችን ቀን ይነበብልን ስላሉኝ ይህን ጻፍሁ። አባቴ ቄስ ስለ ነበሩ ዳዊት አስተምረውኛል፤ ከዚያ ያለፈ ትምህርት የለኝም።

የሄድሁት ልጄን ተስፋዬን ላመጣ ነው። ከእርሱ ሌላ ልጅ የለኝም። አባቱ ካረፈ ወዲህ መሬታችን ጦም አድሯል። ተስፋዬ ከመንገድ ሠሪዎች ጋር ወደ ምዕራብ ወርዶ እዚያው ቀረ። ቆይቶ አምቦ አጠገብ የፈረንጆች መጫወቻ ሜዳ ላይ ሣር ይንከባከባል የሚል ወሬ መጣ። የባለቤቴ ወንድም አቶ መኩሪያ ይህን ሲሰማ ሳቀ።

«ሰው ገብስ ይዘራል፣ ባቄላ ይዘራል። የወንድሜ ልጅ ሣር ይዘራል፤ ያውም ከብት የማይበላውን» አለ።

ከሳቁ በኋላ ግን ልጁ ለክረምቱ እርሻ ካልመጣ መሬቱን እኔ አርሰዋለሁ አለኝ። መኩሪያ አንድ ጊዜ ያረሰውን መሬት ለባለቤቱ መልሶ እንደማያውቅ አገሩ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ስንቄን ቋጥሬ ተነሣሁ።

ሰኞ ማለዳ ተሳፈርሁ። ጣርማ በርን በዋሻው ውስጥ ስናልፍ እንደ ልማዴ ዓይኔን ጨፍኜ አቡነ ዘበሰማያት ደገምሁ። ስገልጥ ከጎኔ ያለችው ሴትም ጨፍና ኖሯል፤ ተያይተን ሳቅን። አዲስ አበባ ላይ የአክስቴ ልጅ አውቶቡስ ተራ ድረስ መጥታ ወሰደችኝ። ስለ አዲስ አበባ ሌሎች ብዙ ነግረዋችኋልና አልጽፍም። ሽሮዋ ጥሩ ነበር፤ እግዜር ይስጣት።

ማክሰኞ ወደ አምቦ የሚሄደውን አውቶቡስ ያዝሁ። በወረቀት ላይ ከተማው ሀገረ ሕይወት ይባላል፤ ረዳቱ ግን አምቦ፣ አምቦ እያለ ነበር የሚጣራው። ከጎኔ የተቀመጡት፣ በግ የያዙ ሰውዬ የጎጆ ሰው ናቸው። ጎጆ ከጊንጪ በስተ ሰሜን ያለ ደጋ ነው፤ ገብስ፣ ድንችና በግ የሚበዛበት። ከደብረ ሲና መምጣቴን ሲሰሙ ብርዳችሁ እንዴት ነው ብለው ጠየቁኝ። ጋቢ ሁለት ያስደርባል አልኋቸው። የእኛ ብርድ ሰውዬውንም ጋቢ ያደርገዋል፤ ሌላው ይለብሰዋል አሉኝ። እስከ አዲስ ዓለም ድረስ በብርድ ስንፎካከር ሄድን። እኔ ተሸነፍሁ።

ጊንጪ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው አውቶቡሱ ጢስ አውጥቶ ቆመ። ሾፌሩ ከሥሩ ገብቶ ብዙ ቆየና ዛሬ አይሆንም አለ። በእግር ጊንጪ ገባን። የጎጆው ሰው ጓዜን ከበጋቸው ጋር ተሸክመው ወይዘሮ አበበች ከምትባል እህል ነጋዴ ቤት አደረሱኝ፤ እኔን በአደራ ሰጥተው ወደ መንገዳቸው ሄዱ። ወይዘሮ አበበች አያቶቿ ከእኛ አገር የመጡ ናቸው። አልጋዋን ለቅቃልኝ ራሷ በጤፍ ጆንያ ላይ ተኛች። ጠዋት ለመኝታው ልከፍል ብል ተቆጣች። «የአያቶቼን አገር ሰው አሳድሬ ገንዘብ ብቀበል እነሱ ከመቃብር ይታዘቡኛል» አለችኝ። የጊንጪ መሬት ጥቁርና ሜዳ ነው። እኛ ገደል ላይ በእርከን የምናርስ ሰዎች ይህን ብናይ የምንቀና ይመስለኛል፤ እኔ ቀናሁ።

ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ አምቦ ደረስሁ። መምጣቴን አስቀድሜ ልኬበት ነበርና ተስፋዬ ትናንት ሲጠብቀኝ ውሎ ዛሬም ቆሞ ነበር። ጠቁሯል፣ ትከሻው ሰፍቷል። ጉልበቴን ስሞ አቀፈኝ። ልወስድህ መጣሁ ልለው አስቤ ነበር፤ ደስታው ከለከለኝና ናፍቀኸኝ መጣሁ ብቻ አልሁት። እርሱም እውነት ነው።

የተከራየበት ቤት የአዴ ጫልቱ ነው። አዴ ማለት በእነርሱ ቋንቋ እንደ ወይዘሮ ነው፤ ኦቦ ደግሞ እንደ አቶ። በእኔ ዕድሜ ያለች ባልቴት ናት። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የጾም ምግብ ቀረበ፤ ተስፋዬም የአምቦን ውሃ በብርጭቆ ቀዳልኝ። ስጠጣው በአፍንጫዬ ወጣ። የሚያሰክር መጠጥ ስለ መሰለኝ ጾሜን አስፈታኸኝ ብዬ ደነገጥሁ። አዴ ጫልቱ እስኪያማት ሳቀች። በማግስቱ የቤተ ክርስቲያኑን ቄስ ጠየቅሁ፤ ከመሬት እንዲሁ የሚወጣ ውሃ ነው፣ ከሰዓቱ በኋላ ቢጠጣ ችግር የለውም አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ወደድሁት።

ሐሙስ ተስፋዬ ሜዳውን አሳየኝ። ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ ጉደር በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ሙሴ ኒኮ የሚባል ግሪክ የእንግዳ ማረፊያ አለው፤ ሜዳው የእርሱ ነው። ከአዲስ አበባ ፈረንጆችና ባለ ሥልጣኖች እሑድ እሑድ እየመጡ ይጫወቱበታል። ጨዋታውን ጎልፍ ይሉታል። ለማኅበርተኞቼ በቀላሉ ላስረዳ፤ እንደ ገና ጨዋታ ነው። ጫፉ የቆለመመ ዘንግና እንደ ሩር ያለ ትንሽ ኳስ አለ። ነገር ግን ሩሩን የሚሻማ የለም፣ የሚጮህ የለም፣ እግሩ የሚሰበርም የለም። እያንዳንዱ የራሱን ሩር እየመታ ይከተለዋል፤ መጨረሻ ጉድጓድ ውስጥ ይከተዋል። ይህን ለማድረግ ግማሽ ቀን ይሄዳሉ።

እውነቱን ለመናገር ሳቄን ይዤ ነበር የሄድሁት። ስደርስ ግን አልሳቅሁም። ተስፋዬ አንድ ተዳፋት አሳየኝ። ድሮ ሰው የሚውጥ ቦረቦር ነበር አለ። እርሱና ጓደኞቹ ድንጋይ ደርድረው፣ አፈር ሞልተው፣ ሰርዶ ተክለው አዳኑት። ከላይ የጥድና የወይራ ችግኝ አለ። ከሥሩ የደረቀች ምንጭ ተመልሳ የሰፈሩ ሴቶች ይቀዱባታል። በእኛ አገር ጎርፍ የወሰደው መሬት ወሰደ ነው፤ ተመልሶ ሲመጣ አይቼ አላውቅም ነበር።

ሴቶች ተደርድረው አረም ይነቅላሉ። አንዲቱ ልጇን በዚህ ሥራ እንደምታስተምር ነገረችኝ። እሑድ የፈረንጆቹን ከረጢት የሚሸከሙት ተማሪዎች ናቸው፤ ደብተርና ልብስ ይገዙበታል። እንቁላል የሚሸጥ፣ ልብስ የሚያጥብ፣ እንግዳ የሚያሳድር፣ ሁሉም በዚህ ሜዳ ዙሪያ ይተዳደራል። ተስፋዬ በሜዳው ሠራተኞች ሁሉ ላይ አለቃ ሆኗል። ሰዎቹ ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በኦሮምኛ ሲያወሩት በሁለቱም ይመልሳል። ልጄን ከሰው መሐል እንዲህ ሲቆም አይቼው አላውቅም።

ነገር ግን ሣሩ ከዳር ቢጫ እየሆነ ነበር። የመስኖው ቦይ ደርቋል። ምን ሆነ አልሁት። ኦቦ ገመቹ የሚባሉ ሽማግሌ ውሃውን ከላይ ከመሬታቸው ላይ ጠምዝዘውብናል አለ። ለምን ብል ፊቱን አዞረ። ከብቶቻቸው በሜዳው መሐል ሲያልፉ አዲሱን ሣር ስለሚረግጡ መንገዱን በእሾህ አጥሬው ነው አለ።

«ከብቶቹ ወዴት ነበር የሚሄዱት?»

«ውሃ ሊጠጡ።»

«ሌላ ውሃ የላቸውም?»

«ወንዙ አለላቸው እማዬ። ሰውዬው ግትር ናቸው እንጂ።»

ማታ ራት ላይ አዴ ጫልቱን ጠየቅኋት። ኦቦ ገመቹ የአባቷ ወንድም ልጅ ናቸው፤ ሁለቱንም ስለምትወድ ሳትናገር ቆይታለች። ነገሩን ስትነግረኝ ተስፋዬም ይሰማ ነበር። ከብቶቹ የሚሄዱት ሆራ ሊጠጡ ነው አለችን። ሆራ ጨው ያለበት የምንጭ ውሃ ነው፤ ወንዝ አይተካውም። ከብት ሆራ ካላገኘ ይከሳል፣ ወተቱ ይደርቃል፣ አፈርና ግድግዳ ይልሳል። ያ መንገድ ከአያቶቻቸው ጀምሮ የሆራ መንገድ ነው። ሙሴ ኒኮ መሬቱን ሲይዝም ለኦቦ ገመቹ አልዘጋውም ብሏቸው ነበር።

ተስፋዬ አንገቱን ደፋ። ይህን አላውቅም ነበር አለ። እኔም እንዳላወቀ አመንሁ። በእኛ አገር ለከብት አሞሌ ጨው ገዝተን እናስልሳለን። ጨው ከነጋዴ የሚመጣ እንጂ ከምንጭ የሚጠጣ መሆኑን የደብረ ሲና ልጅ ከየት ያውቃል? ግን መጠየቅ ነበረበት፤ ይህንንም ነገርሁት።

ዓርብ ሙሴ ኒኮ መጣ። አማርኛው ጥሩ ነው። ባርኔጣውን አውልቆ እናቴ ብሎ ሰላም አለኝና ወደ ልጄ ዞረ። እሑድ ትልልቅ እንግዶች እንደሚመጡ፣ አቧራ ላይ እንደማይጫወቱ ነገረው። ውሃው እስከዚያ ካልመጣ ሜዳውን አርሶ ባሕር ዛፍ እንደሚተክልበት፣ ለባሕር ዛፍ ደግሞ አለቃም ሆነ አራሚ እንደማያስፈልግ ተናገረ። ክፉ ሰው አይደለም፤ የደከመው ይመስል ነበር።

ያን ቀን ቤተ ክርስቲያን ስቆም ሐሳቤ ተከፈለ። ዝም ብል ልጄ ሥራ አጥቶ አብሮኝ ይመጣል። መሬቱም ይታረሳል፤ መኩሪያም ያፍራል። የለመንሁት ሳይደክመኝ ሊሰጠኝ ነው። ግን ያቺ አራሚ ከነልጇ ዓይኔ ላይ መጣች። ያን ቦረቦር ሲሞላ የከረመው የተስፋዬ እጅም መጣ። ለእመቤቴ ነግሬ ወጣሁ። ስመለስ ለምን እንደ መጣሁ ለአዴ ጫልቱ አወራሁላት።

«ታዲያ ምን ይሻልሻል እትዬ?» አለችኝ።

«እንዴት እንደሚታረቁ ንገሪኝ» አልኋት።

በዚያ አገር እርቅ የሚለምን ሰው እርጥብ ሣር ይዞ ይሄዳል። ሣር ይዞ የመጣን ሰው ማባረር ነውር ነው። ሣሩን መቀበል ደግሞ እርቁን መቀበል ነው። ችግሩ በጋ ነው፤ አገሩ ሁሉ እንደ ገለባ ነጥቷል። እርጥብ ሰርዶ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ የጎልፉ ጉድጓዶች ዙሪያ። ተስፋዬ ያን ቦታ በባልዲ ውሃ እየተሸከመ ነው ያቆየው፤ ከተጫዋቾቹ በቀር ማንንም አያስረግጥበትም።

ቅዳሜ ማለዳ ሦስታችን ወደዚያ ሄድን። ከየት ላይ ልንቀል አለኝ። ከመልካሙ ላይ አልሁት። ጎንበስ ብሎ ቆየ፤ ከዚያ በሁለት እጁ ነቀለልኝ። መላጣ የሆነውን ቦታ በመዳፉ ዳሰሰው። አዴ ጫልቱ ግን የራስህን ጠጉር የነጨህ አስመሰልኸው ብላ ቀለደችበት።

የኦቦ ገመቹ ግቢ ከላይ፣ ቦዩ ከሚጀምርበት አጠገብ ነው። ደጃፉ ላይ ሣሩን ይዘን ቆምን። ከብቶቹን አየሁ፤ አንዲት ላም የበረቱን ግድግዳ ትልሳለች። የሰማሁትን በዓይኔ ሳየው ልቤ አዘነ። ኦቦ ገመቹ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጨዋ ሽማግሌ ናቸው። አኬም ጅርቱ ብለው ሰላምታ ሰጡን፤ ሣሩን ግን አልተቀበሉም። እኔን አተኩረው አዩኝ። በዚያ አገር እናት በልጅዋ ስም ትጠራለች፤ እናት ሃዳ ናት።

«ሃዳ ተስፋዬ፣ ልጅሽ ሣር ያጠጣል። የኔ ላም ጭቃ ትልሳለች» አሉ።

«አይቻታለሁ። እኛ አገር ጨው በአሞሌ ነው። ልጄ ጨው እንደሚጠጣ አላወቀም። ሳይጠይቅ ማጠሩ ጥፋት ነው፤ እኔም ስለ እርሱ እለምናለሁ።»

ኦቦ ገመቹ ወደ አዴ ጫልቱ ተመለከቱ፤ እርሷም መሬት መሬት አየች። ትናንት ማታ ነግራቸው ኖሯል።

«ልትወስጂው ነው የመጣሽው አሉኝ። ውሃውን ከለከልሁ፣ ልጅሽ አብሮሽ ይሄዳል። ውሃውን ከሰጠሁ፣ እዚህ ይቀራል። ታዲያ በገዛ እጅሽ ሣር ይዘሽ ምን ትለምኚኛለሽ?»

ተስፋዬ ይህን ሲሰማ የመጀመሪያው ነው። ቀና ብሎ አየኝ።

«ተባርሮ የሚመጣ ልጅ አልፈልግም» አልሁ። «ከመጣም ወዶ ይምጣ። ውሃውን ስጡት፤ ለሴቶቹም እንጀራ ነው። መንገዱን ዛሬውኑ ይከፍታል።»

ኦቦ ገመቹ ተስፋዬን በስሙ ጠሩና ባሕር ዛፍ ይተከላል የሚባለው እውነት ነው ወይ አሉት። እውነት ነው አላቸው። ባሕር ዛፍ ምንጩን ይጠጣዋል፣ ሆራውም አይተርፈውም ብለው አጉረመረሙ። ቀስ ብለው ወደ እኔ መጡና ሣሩን ተቀበሉኝ። ከፍለው ግማሹን በተስፋዬ እጅ አኖሩት፤ በቋንቋቸውም ረዘም አድርገው መረቁት። ከምርቃቱ ሰላም የምትለዋን ቃል፣ ነጋ የሚሏትን፣ ብቻ ለየሁ። አሜን አልን። እርሳቸውም ጿሚ ናቸውና ቅቤ ያልነካው፣ በኑግ የታሸ በሶ አበሉን። ባለቤታቸው ለመንገዴ ቋጠረችልኝ።

ቦዩን አስከፍተውልን ኖሮ ውሃው ከእኛ ቀድሞ ወረደ። ተስፋዬ እሾሁን ሲያነሣ እጁ ደማ፤ ልርዳህ የሚሉትን ሁሉ ከለከለ። ከብቶቹ ፀሐይ ሳትጠልቅ መጡ፤ እርሱ ከፊት ሆኖ እስከ ሆራው ወሰዳቸው። ከዚያ በኋላ ከብቶቹ ማለዳ፣ ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት እንዲያልፉ ተስማሙ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጨዋታውን አየሁ። ኦቦ ገመቹ ማለዳ ማለት ምን ሰዓት እንደ ሆነ በራሳቸው ነው የተረጎሙት፤ ከብቶቻቸው የመጡት እንግዶቹ ከጀመሩ በኋላ ነው። ሁሉም ዘንጋቸውን ተደግፈው ቆሙ። አንዲት ፈረንጅ ፎቶግራፍ አነሣች። አንዱ ባለ ሥልጣን ቀድመው የመቱት ሩር ከከብቶቹ መሐል ወደቀ። ኦቦ ገመቹ አዘኑላቸው፤ ሩሩን አንሥተው በኩታቸው ጠረጉና ያን ሁሉ መንገድ ሄደው በሁለት እጅ አስረከቧቸው። ለካ ሩሩ ከወደቀበት መነሣት የለበትም ኖሯል። ባለ ሥልጣኑ ግን ቆባቸውን አውልቀው እጅ ነሡና ተቀበሉ። ሙሴ ኒኮ ፊቱን በባርኔጣው ሸፍኖ ሲስቅ አየሁት። ወደ ተስፋዬም መጥቶ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ያ ለልጄ በቂ ነበር።

ማታ ተስፋዬ ለምን አልነገርሽኝም አለኝ። ልነግርህ ነበር፣ ሥራህን ሳይ ተውሁት አልሁት። ከፋሲካ በኋላ መጥቼ ልረስ ወይ አለ። ጥያቄውን ሲጠይቅ ዓይኑ በመስኮቱ ወደ ሜዳው ነበር። ለፋሲካ መጥተህ ጠይቀኝ፣ ሌላው ይቆይ አልሁት።

ሰኞ ተለያየን። አዴ ጫልቱ መንገዱ ሳያልቅ እንዳታለቅሺ ብላ እየቀለደች ራሷ አለቀሰች። ጊንጪ ላይ አውቶቡሱ ሲቆም ወይዘሮ አበበች በመስኮት ቆሎ አቀበለችኝ። አዲስ አበባ አድሬ ማክሰኞ ሲመሽ ከቤቴ ገባሁ። መኩሪያ ብቻዬን መምጣቴን ከአጥር ውጭ ሆኖ አይቶ ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት ኪዳን አድርሼ ወጣሁና ሁለቱን በሬዎቼን ከበረት ፈታሁ። እየነዳሁ በመኩሪያ ደጃፍ አልፌ ወደ ጎረቤታችን ወደ አቶ በላቸው ቤት ወሰድኋቸው። እርሱ ታማኝ ሰው ነው፤ መሬት ግን የለውም። በሬዎቹን ደጁ ላይ አሰርሁና መሬቴን በእኩል እረስልኝ፣ ምርቱን እንካፈላለን፤ ልጄ ሥራ ላይ ነው አልሁት።